ከመዝገብ ውጭ የቀረው ጋቢ፦ እድር በደቡብ ጎንደር ደጋ

ደብረ ታቦር ሲመሽ ይበርዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በምሥራቅ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣው የጉና ተራራ ቁሩን ይለቅባታል። ወደ ጋይንት ወጣ ሲባል ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ይገኛል። በዚህ አገር ሰው ሲሞት ሐዘንተኛን ማጽናናት የሚጀምረው ከብርድ በመጠበቅ ነው። ሞት የገባበት ቤት ለቀናት በሩ አይዘጋም። ሐዘንተኛዋ ከአልጋዋ ወርዳ መሬት ትቀመጣለች፤ ጎረቤት ብቻዋን እንዳታድር አብሯት ያድራል። ለመጣው ሰው ሁሉ መቀመጫ፣ እሳት፣ ውሃ፣ ንፍሮና የሚደርበው ልብስ ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ የማቅረብ ግዴታ ሕግና ዳኛ አግኝቶ የቆመው በእድር ነው።

የእድር ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። የተጻፈው ግን አብዛኛውን የመዋጮው፣ የድንኳኑና የሊቀመንበሩ ታሪክ ነው። ሐዘንተኛዋ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ጋቢ ማን እንደፈተለው፣ ማን ደርቦ እንደሰፋው፣ ከማን ቤት እንደመጣ የሚናገር መዝገብ የለም። ይህ መቅረቱ ያሳስበኛል። ያልተጻፈው ሥራ ከተጻፈው ይልቅ ቶሎ የሚጠፋበት ዘመን ላይ ደርሰናልና።

እድር የሚባለው ድርጅት ወደ ደጋው ከመድረሱ በፊት ቀብር የደብሩ ጉዳይ ነበር። በአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ የሚኖር ሰው ሁሉ ለቅሶ የመድረስ ዕዳ ነበረበት። ወንዶች መቃብር ይቆፍራሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ዳስ ይጥላሉ፣ አስከሬኑን ተሸክመው ያደርሳሉ። ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፣ እህል ይፈጫሉ፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ እዝን ይዘው ይመጣሉ። ቀሳውስቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፤ ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እየተባለ ቀኑ ይቆጠራል። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው የሚቀጣው በገንዘብ አልነበረም፤ የእርሱ ተራ ሲደርስ የሚመጣለት ሰው አያገኝም። ከዚህ ጎን ሰንበቴና የጻድቃን ማኅበር ነበሩ፤ በወሎ በኩል ደግሞ ቅሬ የሚባለው የቀብር ማኅበር። ስማቸውና ሥርዓታቸው ቢለያይም ሁሉም የቆሙት በወንፈል ሕግ ላይ ነው፤ ዛሬ ለእኔ የሠራህልኝን ነገ ለአንተ እመልሳለሁ።

መዋጮ የሚሰበስብ፣ አባላቱን በስም የሚመዘግብ፣ ያልመጣውን የሚቀጣ እድር ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። አሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለ ማርያም እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት እንደሚያስረዱት፣ መነሻው ከ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ወዲህ ወደ አዲስ አበባ ከፈለሱት ሰዎች፣ በተለይም ከጉራጌ ስደተኞች ጋር ይያያዛል። ነገሩ ግልጽ ነው። አገሩን ትቶ ከተማ የገባ ሰው ደብሩንም ዘመዱንም ትቶ መጥቷል፤ ሲሞት የሚቆፍርለት፣ የሚሸከመው፣ የሚያለቅስለት ወገን በአጠገቡ የለም። ስለዚህ የጠፋውን ወገን በመዋጮ መልሶ ሠራው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ሰው ሲበታተንና ሞት ሲበዛ እድር ይበልጥ ተስፋፋ። ቀጥሎ የሰፈር፣ የመሥሪያ ቤት፣ የትውልድ አገር፣ የሴቶች እየተባለ በዓይነት በዓይነቱ ተዘረጋ።

መንግሥትም ዝም ብሎ አላየውም። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የማኅበራት ምዝገባ ደንብ እድሮችንም ወደ መዝገብ የመጥራት አቅጣጫ ነበረው። በደርግ ዘመን ቀበሌ ሲቋቋም የሰፈሩን ጉዳይ ቀበሌ ወሰደው፤ እድር ወደ ቀብር ሥራው ተመለሰ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ደግሞ እድርንና እቁብን ከሕጉ ወሰን ውጭ አድርጎ ለብቻቸው ተዋቸው። በእኔ አስተያየት ለእድር ከተደረጉለት ነገሮች ሁሉ የሚሻለው ይኼ መተው ነበር።

ከከተማ ወደ ገጠር የተጓዘው እድር በደቡብ ጎንደር ደጋ ባዶ ቦታ አላገኘም። የደብሩ ዕዳ ላይ ነው የተጫነው። ስለዚህ በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በላይ ጋይንት እድር ሲባል መዋጮ ብቻ ማለት አይደለም፤ ቃሬዛም ነው። መኪና በማይገባበት ገደላገደል ምጥ የያዛትን ሴት፣ የታመመን ሽማግሌ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ማድረስ የወንዶቹ ተራ ነው። የቀበረ ትከሻ ሕያውንም ይሸከማል። ስቴፋን ዴርኮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ኢትዮጵያና ታንዛኒያ የቀብር ማኅበራት ባሳተሙት ጥናት የገረማቸውም የዚህ ዓይነት ማኅበር የተጻፈ ሕግ፣ የአባላት ዝርዝርና የታወቀ መዋጮ ይዞ መገኘቱ ነው። ማንም ሳያዘው ገበሬው በራሱ መድን አቋቁሟል።

ድንኳኑን ሳስብ ደግሞ የደብረ ታቦር የራሷ ታሪክ ይመጣብኛል። ራስ ጉግሣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የመሠረቷት ይህች ከተማ ለረጅም ዘመን የሠራዊት ከተማ ነበረች። በዚያ ዘመን ድንኳን የንጉሥና የመኳንንት ዕቃ ነው፤ ማን የት እንደሚተክል፣ ምን ዓይነት እንደሚተክል ማዕረጉ ይወስናል። ተራው ሰው ሲሞት ግን የሚጣለው የቅርንጫፍ ዳስ ነበር። እድር የመጀመሪያ ገንዘቡን ሲያጠራቅም የገዛው ድንኳን ነው፤ ቀጥሎ ብረት ድስት፣ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ አግዳሚ። ጥሩምባ ነፊው ሌሊት የሟችን ስም ጠርቶ ሲያልፍ፣ ንጋት ላይ ያ ድንኳን በድሃው ደጅ ይተከላል። የመኳንንቱ ክብር ለሸክላ ሠሪዋም፣ ለቆሎ ሻጭዋም ደረሰ። የድንኳኑ ነገር ሲነሣ የሚሰማኝ ደስታ ይኼ ነው።

ጋቢው ግን ሌላ መንገድ አለው። ደጋው ጥጥ አያበቅልም። ጥጡ ከቆላ፣ ከቋራና ከመተማ ወገን በገበያ በገበያ ተሻግሮ ይመጣል፤ ይፋግ የሚባለው የጣና ዳር ገበያ በድሮ ዘመን በጥጥና በእህል የታወቀ ነበር። ሴቲቱ ጥጡን ገዝታ በመዳመጫ ፍሬውን ታወጣለች፣ በደጋን ነድፋ ባዘቶ ታደርገዋለች፣ አመልማሎ ታወጣለች፣ ከዚያ እንዝርቷን ታሾራለች። ቀጭኑ ለድር፣ ወፍራሙ ለማግ ይለያል። ይህ የሚሠራው ከእርሻና ከምጣድ በተረፈ ሰዓት፣ በአብዛኛው ማታ ነው። ለአንድ ጋቢ የሚሆን ፈትል ብዙ ወር ይፈጃል። ቸኩላ የምትፈልግ ሴት ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ ቡና አፍልታ፣ ቆሎ ቆልታ በደቦ ታስፈትላለች።

ፈትሉ ከዚያ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። በጎንደር አውራጃዎች ሸማኔው ብዙ ጊዜ ሙስሊም ወይም ቤተ እስራኤል ነበር፤ ከፎገራ በላይ ያለችው ደሪጣም የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ናት። ክርስቲያኗ የፈተለችውን ሙስሊሙ ይሸምነዋል፤ ክርስቲያኗ ስታዝን የምትከናነበው የሁለቱን እጅ ነው። ያም ሆኖ ሸማኔው ይናቅ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔን፣ ቀጥቃጭንና ሌላውን ባለ እጅ በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት ንቀቱ ከአገር ጠንቅነት ደረጃ ስለደረሰ ነው። አዋጁ ወጣ፤ ንቀቱ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ቆየ።

ከሽመናው የሚወጣው ቁራጭ እንጂ ጋቢ አይደለም። ነጠላ አንድ እጥፍ ነው፤ ኩታ ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ ይደረባል። መደረቡና መስፋቱ የመጨረሻው ሥራ ነው፣ ክብደቱንም ሙቀቱንም የሚሰጠው እርሱ ነው። አቅም ያነሳት ቤት ያረጀውን ሁሉ ደራርታ ድሪቶ ትሰፋለች፤ በቀዝቃዛው ከፍታ ደግሞ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ባና አለ። ለቅሶ ቤት የሚያድረው ሰው የየቤቱን ይዞ ይመጣል። አንዱ ጋቢ ሐዘንተኛዋን ይከናነባታል፣ አንዱ ጉልበቷ ላይ ያርፋል፣ አንዱ እናቱ እቅፍ ላይ ለተኛው ሕፃን ይሆናል። ሲነጋ ማን የማንን እንደወሰደ አይጠየቅም፤ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ይቆያል።

ሐዘኑ ሲያልቅ ደግሞ ልብስ እንደገና ይመጣል። ባሏ ወይም ልጇ የሞተባት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወይም ከል ለብሳ ወራት ትቀመጣለች። ጊዜው ደረሰ ሲሉ ዘመድ ወዳጆች ነጭ ልብስ ይዘው ይመጡና፣ ቡና ተፈልቶ፣ ተመርቆ፣ ከሉን ያስወልቋታል። «እግዜር ያጥናሽ፣ በቃሽ እንግዲህ» የሚለው ቃል ያለዚያ ነጭ ልብስ ግማሽ ይሆናል። ይህን ልብስ የሚያዘጋጁት እህት፣ አክስት፣ የጡት ልጅ፣ አበልጅ ናቸው፤ እድሩ ገንዘብ አያወጣበትም። የሴቶች እድር ባለበት ሰፈር ግን ሴቶቹ እንጀራውን፣ ወጡን፣ ማገዶውንና ቀኑን በተራ ሲደለድሉ፣ የማን ሐዘን መቼ እንደሚበቃ የሚመክሩትም እነርሱ ናቸው። የእድር ሰፊውና ሞቃቱ ክፍል ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዋናው እድር መዝገብ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው የወንዱ ስም ብቻ ነው፤ ሚስቱ በእርሱ ስም ትቆጠራለች።

ልብስን የሐዘን ሥራ ያደረግነው እኛ ብቻ አይደለንም። በአሜሪካ ሴቶች ተሰብስበው የጨርቅ ቁራጮችን እየገጣጠሙ ድርብ ልብስ የሚሰፉበት ልማድ ዘመን ያስቆጠረ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ሰፍተው ሐዘን ለገባበት ቤት የሚሰጡ ማኅበራት አሏቸው። የዚህ ልማድ ትልቁ ሐውልት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1987 በዋሽንግተን አደባባይ የተዘረጋው የኤድስ መታሰቢያ ድርብ ልብስ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን 1,920 ቁራጮች ነበሩት፣ እያንዳንዱ የመቃብር ያህል፣ በላዩ የሟች ስም የተሰፋበት። እኛም በዚያው በሽታ ብዙ ሰው ቀብረናል። እድሮቻችን ካዝናቸው ተሟጦ፣ በወር ሦስት አራት ጊዜ ድንኳን ሲተክሉ ኖረዋል፤ መጀመሪያ በሽታውን በስሙ መጥራት ከበዳቸው፣ በኋላ ግን ብዙዎቹ የታመመን መጠየቅ፣ ወላጅ አልባ ልጅ መርዳት ጀመሩ። የአሜሪካውያኑ ልብስ የሞተውን ስም ይሸከማል፤ የእኛ ጋቢ ስም አይጻፍበትም፣ የቀረውን ሰው ያሞቃል። ሁለቱም ትክክለኛ የሐዘን ሥራ ናቸው፤ እኛ ግን የሞቱትንም የሠሩትንም ስም ሳንጽፍ መቅረታችን ጎድቶናል።

ከእኛ የለቅሶ ልማድ ፈጽሞ የተለየች አንዲት መንደር እዚያው ፎገራ ውስጥ አለች። አውራ አምባ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት ተመሠረተች፤ በጥቂት ሰው ተጀምራ፣ በደርግ ዘመን መጨረሻ ወደ ቦንጋ ተሰድዳ፣ በ1985 ዓ.ም. ተመልሳ፣ መሬት አነስተኛ ስለሆነባት በሽመና ቆመች። ወንዱም ሴቱም ይፈትላል፣ ይሸምናል። ሰው ሲሞት ግን ረጅም ለቅሶ የለም፤ ጥቂት ሰዎች ይቀብሩታል፣ ቀሪው ሥራውን አይተውም። ድንኳንም ተዝካርም የለም። በዚያ ፋንታ ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎች የሚኖሩበት ቤት አላቸው፤ ሙሉ እንክብካቤ፣ ንጹሕ ልብስ፣ ከሰው ጋር ማደር። ክርክራቸው ለሰው የሚደረግ ነገር ሁሉ በሕይወት እያለ ይደረግ የሚል ነው።

አከብራቸዋለሁ። በአገራችን ተዝካር ስንቱን ቤት እንዳራቆተ፣ ስንቱ በሬ ለአርባ ቀን ድግስ እንደታረደ የሚያውቅ ሰው ክርክራቸውን በቀላሉ አይጥለውም። ነገር ግን ሐዘንተኛው ራሱ ሕያው ነው። በሦስተኛው ሌሊት የሚበርደው እርሱ ነው። ከሽማግሌ ማረፊያውና ከለቅሶ ቤቱ ጋቢ መካከል መምረጥ አያስፈልግም፤ የሁለቱም ክር አንድ ነው፣ ሸማኔውም አንድ ነው።

እንግዲህ የሚያሳስበኝን ልናገር። በ1953 ዓ.ም. አካባቢ ባሕር ዳር ላይ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የፋብሪካ ክር ወደ ሸማኔው ቤት ገባ፤ ድሩ ከፋብሪካ፣ ማጉ ከእንዝርት ሆነ። ይህ ሸክም አቅልሏል፣ አላማርርም። ቀጥሎ የውጭ ብርድ ልብስ መጣ፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። አሁን ደግሞ ከተማ ውስጥ ድንኳን በኪራይ ነው፣ ወንበር በኪራይ ነው፣ ወጥ ሠሪዋ በቀን ሒሳብ ትቀጠራለች። ብዙ እድር ግዴታውን ለሟች ቤተሰብ በሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ ለውጦታል። ገንዘቡ ሥራ ለሌላት ባል አልባ ጠቃሚ ነው፤ አልክድም። ግን መዋጮ ከፍሎ ያልመጣ ሰው ቅጣት ከፍሎ የሚሸኝበት ሥርዓት ሲሆን፣ አብሮ ማደሩ ከዝርዝሩ ይወጣል። ያልተጻፈ ነገር ማንም ሳይሽረው ይሻራል። የወጣውን ገንዘብ ጸሐፊው ይመዘግበዋል፤ ያደረውን ሰው፣ የተሰፋውን ጋቢ፣ የተፈጨውን እህል የሚመዘግብ የለም።

ሦስት ፈተናዎች በአጭር ዘመን ይህን አሳዩን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ እድር ድንኳኑን ሳይተክል ዋለ፣ መዋጮው ግን ቀጠለ። ገንዘቡ ደረሰ፣ ሰው አልደረሰም፤ ያንን ዓመት ያዘነ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ በሰሜን የተነሣው ጦርነት ጋይንትን አልፎ ደብረ ታቦር ደጃፍ ደረሰ፤ ከባድ መሣሪያ ከተማዋ ውስጥ ወድቆ ሰላማዊ ሰው ገደለ። ከነፋስ መውጫና ከአካባቢው የሸሸ ሰው ልጁን ይዞ ሲወጣ እድሩን ይዞ አልወጣም። ሟቹን በሰው አገር የቀበረ፣ መርዶውን በስደት የሰማ፣ የማን ጋቢ ይከናነብ? እንደገና የጉራጌው ስደተኛ የነበረበት ቦታ ላይ ነን፤ የሸሸው ሰው ወገኑን በመዋጮ ከመሥራት ሌላ መንገድ የለውም። ሦስተኛው ፈተና ባሕር ማዶ ያለው ነው። በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በሲያትል የሚኖሩ ወገኖቻችን እድር አቋቁመው አስከሬን አገር ቤት ለመላክ የሚያስፈልገውን ትልቅ ወጪ ይሸፍናሉ፤ ከሥራ በኋላ እንጀራና ወጥ ይዘው የሚመጡት ግን እዚያም ሴቶቹ ናቸው። ውቅያኖስ ተሻግሮም መዝገቡ ገንዘቡን ብቻ ይዟል።

እንዲህ ይደረግ የምለው ትንሽ ነው። አንድ እድር ደንቡን ሲያድስ፣ የሚስትን ስም ለብቻው ይጻፍ። ለቅሶ ቤት ያደሩ ሰዎች ስም በሌላ ገጽ ይመዝገብ፤ ቅጣት ለመጣል ሳይሆን፣ ልጆቻቸው እንዲያዩት። የተሰጠ ጋቢ ካለ የፈተለችው፣ የሸመነው፣ የተቀበለችው ይጻፍ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ርእስ ሲፈልጉ፣ ከነገሥታቱ ከተማ ወጥተው ወደ ፋርጣ፣ ወደ እስቴ፣ ወደ ደሪጣ ወርደው ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን እናቶች ይጠይቁ፦ ከእመጫትነትሽ ጀምሮ ለስንት ለቅሶ ፈተልሽ? ጥጡን ከየት ገዛሽ? ለሸማኔው በምን ከፈልሽ? ማን ደርቦ ሰፋልሽ? ጋቢው ከማን ቤት ቀረ? እንዝርቱን በእጃቸው ይዘው የሚመልሱ ዛሬም አሉ።